ቴሌስኮፑን ወደ ሰልፉ፦ የአንድ የሥነ ፈለክ ክበብ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 8፣ 2018

ክረምቱ ወጣ፣ ሰማዩም ተከፈተ። የክበባችን ንብረት ግን ያው አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው። እግሩ ቀጭን ስለሆነ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ጨረቃ ስትደንስ ትታያለች። ሰው ደግሞ ሳይነካ ማየት አይሆንለትም።

ዘንድሮ ያነሳሳን የጳጉሜ 2ቱ የጨረቃ ግርዶሽ ነው። ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ የቆየችው ከምሽቱ 2:30 እስከ 3:52 ነበር። ደመናው አንዴ ሲገልጥ አንዴ ሲሸፍን ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ አንጋጧል። ማስታወቂያ የለጠፈ የለም፤ የተጋበዘ እንግዳ የለም። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ አዳራሽ እየለመንን፣ ፕሮጀክተር እየተዋስን ገለጻ ስናዘጋጅ የሚመጣው ያው የምናውቀው ሰው ነው። እርስ በርሳችን ነበር የምንማማረው ማለት ይቻላል።

ዛሬ የተስማማነው ነገር አጭር ነው። ገለጻው ይቀንስ፤ ቴሌስኮፕ ደጅ ይውጣ። ለዚህ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ልጅ ቢደገፈው የማይወድቅ መሣሪያ ያስፈልገናል። ዋናው ዕቃ፣ የከዋክብቱን ብርሃን የሚሰበስበው መስታወት፣ እጃችን ገብቷል። የአንዷ አባላችን አክስት ከዋሽንግተን ሲመጡ ለዘመድ ከገዟቸው ጫማዎች መሃል ጠቅልለው በሻንጣ አመጡልን። ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ (ብርሃኑን አንድ ነጥብ ላይ እስኪያገናኝ ያለው ርቀት) 1200 ሚሊ ሜትር ነው። ቀሪው አካሉ እዚሁ ይሠራል።

ጥቅምት 15

የምንሠራው ዶብሶኒያን የሚባለውን፣ ቱቦው በሚዞር የእንጨት ሳጥን ላይ የሚቀመጥበትን ዓይነት ነው፤ ከሁሉም ቀላሉና ርካሹ እሱ ነው። ስሙን ያገኘው ከጆን ዶብሰን ነው። ሰውየው ካሊፎርኒያ ውስጥ የቬዳንታ (የሂንዱ ፍልስፍና) ገዳም መነኩሴ ነበር። ከወዳደቀ እንጨትና ከካርቶን ቱቦ ቴሌስኮፕ እየሠራ፣ ሌሊት ከገዳሙ እየወጣ ለሰፈር ሰው ያሳይ ነበር። በዚሁ ጣጣ ከገዳሙ አስወጡት። በ1968 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከወጣቶች ጋር ሆኖ በእግረኛ መንገድ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ሰማይ የሚያሳይ ማኅበር መሠረተ። ንድፉን ለማንም አልከለከለም።

አናጺያችን ሥዕሉን አይተው፣ «ሰው ሊቀመጥበት ነው?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ቱቦ ነው የሚቀመጥበት።»

«ታዲያ ለቱቦ 18 ሚሊ ኮምፖርሳቶ ምን ይሠራለታል? ገንዘባችሁን አታባክኑ።»

50 ጊዜ የሚያጎላ ነገር መንቀጥቀጡንም 50 ጊዜ እንደሚያጎላው አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ከተነቃነቀማ ዋጋ የለውም» ብለው ራሳቸው በየማዕዘኑ ድጋፍ ጨመሩበት። ለድጋፉ ሂሳብ አልጠየቁም።

ፍሬ ነገሩ መሽከርከሪያው ላይ ነው። ዶብሶኒያን ሲሠራ የተለመደው ቴፍሎን የሚባለው የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ነው። እዚህ ግን ዕቃ መሸጫ ገብተህ ቴፍሎን ስትል የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠመጥመውን ነጭ ክር ነው የሚሰጡህ። ስለዚህ የሽንኩርት መክተፊያ ፕላስቲክ ገዛን። ሦስት ትንንሽ ካሬ ቆርጠን የታችኛው ክብ እንጨት ላይ በብሎን አሰርናቸው፤ የብሎኑ ራስ እንዳይፍቅ ወደ ውስጥ ሰመጥ ተደረገ። በላያቸው የሚዞረው ሳጥን ሥሩ ፎርማይካ ተለጠፈበት። መክተፊያው ፎርማይካው ላይ ይንሸራተታል።

መለኪያው ይሄ ነው፦ በአንድ ጣት ስትገፋው መሄድ አለበት፣ ጣትህን ስታነሳ እዚያው መቅረት አለበት። መጀመሪያ ላይ ይነክስ ነበር። ገፋ ስታደርገው እምቢ ይልና ድንገት ዘልሎ ያልፋል፤ ኮከቡም አብሮ ይጠፋል። አናጺው ከመሳቢያ ሻማ አውጥተው ፎርማይካውን አሸት አሸት አደረጉት፣ በጨርቅ ወለወሉት። በቃ፣ ለሰለሰ። ቱቦውን ደግሞ መርካቶ ላሜራ አስጠቅልለን ውስጡን የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ቀባነው።

ጥቅምት 29

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰማይ አዞርነው። መስታወቶቹን ማቀናጀት ምሽቱን በላው። የትልቁ መስታወት መሃል ላይ ትንሽ የወረቀት ቀለበት ትለጠፋለች፤ ከዚያ ቱቦው አፍ ላይ ያለችውን ትንሿን መስታወት በብሎኖቿ እያጠበቅህ እያላላህ ሁሉም በአንድ መስመር እስኪውል ትታገላለህ። አንዱ ያያል፣ አንዱ ብሎን ያዞራል፣ ሁለቱም ይጨቃጨቃሉ።

ከዚያ ሳተርን። ዓይን የሚጠጋባትን ባለ 25 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስንገጥምላት 48 ጊዜ ታጎላለች፤ ፕላኔቷ ጥርት ብላ ገባች። ቀለበቷ ግን የመጽሐፉ ሥዕል አይደለም፤ ቀጭን መስመር ነው። ሳተርን ፀሐይን ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅባታል፤ ዘንበል ብላ ስለምትዞር በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለቴ ቀለበቷን በጠርዙ በኩል ታሳየናለች። ባለፈው መጋቢት ላይ እንዲያ ሆነ፤ ኅዳር ላይም በጣም ትቀጥናለች። ቀለበቱ ዳር እስከ ዳር ከ270 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ፣ ውፍረቱ ግን በአብዛኛው አሥርና ሃያ ሜትር ገደማ ነው። አንዳንድ አባላት ሰው እንዳይከፋው ብለው ሳተርንን ለዓመት እናቆያት አሉ። እኔ አልተስማማሁም። ሰው የሚከፋው ውሸት ሲነገረው ነው።

ኅዳር 12

ጨረቃ የሌለችበት ሰሞን ስለሆነ ጋላክሲ ለማየት ቀጠሮ ይዘን ነበር። ማን እንደቀጠረው እንጃ፤ ኅዳር ሚካኤልን ቀጠረን! ኅዳር ሲታጠን ከተማው በጭስ ይታፈናል። ልማዱ የመጣው በ1911 ከገባው የኅዳር በሽታ ነው፤ ቆሻሻው ተጠርጎ ይቃጠል ነበር፤ አሁንም በየደጃፉ ይጫጫሳል። ከዋክብቱ እንደ ቀላ ያለ ፍም ብልጭ ብለው ጠፉ። መስታወቱ ጥላሸት እንዳይቀመጥበት ክዳኑን ገጥመን ወደ ቤት።

ኅዳር 20

ሰው የጋበዝንበት የመጀመሪያው ምሽት፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ። የፈቃዱ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሰነበተ፤ ደግነቱ ጨረቃ አትሰረዝም። ዛሬ ጨረቃና ሳተርን ጎን ለጎን ናቸው፤ ቀኑን የመረጥነው ለዚህ ነው። የኅዳር ጽዮን ዋዜማ በመሆኑ ነጠላ የለበሱ ምዕመናን በበሩ እያለፉ ነበር። ጎራ ብለው ያዩት ከተጋበዙት ሳይበልጡ አይቀሩም።

መጀመሪያ ያስቸገረን የሜዳው ፓውዛ ነው። ጥበቃው ማጥፊያው ያለበት ክፍል ቁልፍ ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው አለን። ስልክ ስንደዋወል የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። መብራት ሲጠፋ እልል ያለ የአዲስ አበባ ሕዝብ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ሁለተኛው ችግር አናታችን ላይ ነው። አዲስ አበባ ወደ ምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጨረቃና ፕላኔቶች እዚህ አናት ላይ ይወጣሉ። ዶብሶኒያን ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲያይ ለማዞር ያስቸግራል፤ መመልከቻውም ከትንንሽ ልጆች ቁመት በላይ ይሆናል። ዱካ አቀረብንላቸው። ልጅ ዱካ ላይ ሲወጣ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ቱቦውን ነው፤ ያን ጊዜ ጨረቃ ሄደች። መድኃኒቱ ተራ ወንበር ሆነ። መደገፊያውን ወደ ልጁ አዙረን አጠገቡ አቆምነው፤ «እጅህን እዚህ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ቴሌስኮፑን የነካ ልጅ ጥቂት ነው። ይሄን ዘዴ ከሁሉም ገለጻዎቻችን አስበልጠዋለሁ።

ሌላም ነገር ተማርን። ሰው ሲያይ «አየህ? አየሽ?» እያሉ መወትወት አያስፈልግም። ሁሉም ለማስደሰት ብሎ «አዎ አየሁ» ይላል፤ አላየም። «ምን ይመስላል?» ብለህ ስትጠይቀው ነው በእውነት የሚያየው። አንዷ ልጅ ሳተርንን፣ «ብርቱካን ላይ ስንጥር ሰክተውበት» አለች። በመጽሐፍ ያለውን ሥዕል ደግማ ብትነግረኝ ነበር የምጠራጠረው።

ጨረቃ ላይ ኮፐርኒከስ የሚባለው ጉድጓድ ልክ ከጨለማው ጠርዝ ብቅ እያለ ነበር። ስፋቱ 93 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ በመንገድ የመሄድ ያህል። አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ አሉና ብዙ ቆዩ።

«ይሄ ሁሉ ጠባሳ ምንድነው ልጄ?»

«ድንጋይ እየመታት ነው እማማ። ከሰማይ የሚመጣ ድንጋይ።»

«እኛንስ አይመታንም?»

ትንንሹ አየር ውስጥ ገብቶ እንደሚቃጠል፣ ጨረቃ ግን ይሄ ነው የሚባል አየር እንደሌላት ነገርኳቸው። «ታዲያ ተመስገን በላ!» ብለው ሄዱ። ወዲያው ሰልፉ ጫፍ ላይ ተመልሰው አየኋቸው።

ሌሎቹ ጥያቄዎች የሚጠበቁ ናቸው። የአሜሪካኖቹ ባንዲራ ይታያል ወይ? አይታይም። በኛ መስታወት ጨረቃ ላይ ተለይቶ የሚታየው ትንሹ ነገር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮከቤ ምንድነው? እሱን አናውቅም፤ የሰማዩን ግን እናሳይሃለን። አንድ ዲያቆን ደግሞ በመጽሐፈ ኢዮብ የተጠቀሱት ሰባቱ ከዋክብት የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቀን። በምሥራቅ በኩል ወጥተው ነበር፤ በጣቴ አሳየሁት። እሱ ቴሌስኮፕ አላስፈለገውም።

ታኅሣሥ 5

ጠዋት ነው የምጽፈው፤ እንቅልፍ የለኝም። የጀሚኒድን ተወርዋሪ ከዋክብት ለማየት ሱሉልታ፣ የአንድ አባላችን ቤተሰብ ግቢ አደርን። ብርዱ አይወራም። ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበን መሬት ላይ ጀርባችንን ሰጥተን ተጋደምን። ለተወርዋሪ ኮከብ ቴሌስኮፕ አያገለግልም፤ ሰፊ ሰማይና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። የሚወረወረው ፋኤቶን ከምትባል አስትሮይድ (ፀሐይን ከምትዞር ድንጋያማ አካል) የተራገፈ ብናኝ ነው፤ በሴኮንድ 35 ኪሎ ሜትር እየበረረ አየራችን ውስጥ ገብቶ ይነዳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የደራው። አንዱ ሲያልፍ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ኦ!» ይላል፤ ወደ ሌላ በኩል ዞሮ የነበረው ሰው ይናደዳል።

የኔ ዋና ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው ያለች አንዲት ፕላኔት እንዲሰይሙ ሰጥቶ ነበር። የኢትዮጵያ ድርሻ ኮከቡ «ቡና»፣ ፕላኔቷ «አቦል» ተባሉ። ስሙን የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ። ኮከቡን ያየ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ልናሳይ ተነሣን።

ቡና በባዶ ዓይን አይታይም፤ ለዓይን ትንሽ ይደበዝዛል። በባይኖኩላር ግን ይገኛል። ቦታው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። አልማክና አልጎል የሚባሉ ሁለት ደማቅ ከዋክብት አሉ፤ በሁለቱ መካከል መስመር ስታሰምር ቡና ከመሃሉ ብዙ አይርቅም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በትክክል ወደ ሰሜን፣ ከአድማሱ ከግማሽ በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ካርታውን በቀይ ብርሃን እያየን፣ አንዱን ደብዛዛ ነጥብ ከሌላው እየለየን ያዝነው። ቀይ ብርሃኑ ባትሪ ላይ የታሰረ ቀይ ፌስታል ነው፤ ነጭ ብርሃን ጨለማ የለመደውን ዓይን ያበላሸዋል።

የቤቱ እመቤት፣ እትዬ፣ ፍም ላይ ጀበና ጥደው ነበር። አቦሉ ተቀድቶ ሲኒው እጃችን ላይ እያለ በየተራ እየተነሣን ቡናን አየን። እውነቱን ለመናገር የሚታየው አንድ ነጥብ ነው። ፕላኔቷማ በምንም አትታይም። መኖሯ የታወቀው በ2009 እ.ኤ.አ.፣ ኮከቡ በስበቷ ምክንያት ወዲያና ወዲህ ሲል ተለክቶ ነው። ከጁፒተር ብዙ እጥፍ የከበደች ናት፤ አንድ ዙር ለመጨረስ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል። ርቀቱ ከ190 የብርሃን ዓመት በላይ ነው። ዛሬ ዓይናችን ውስጥ የገባው ብርሃን ከዚያ ሲነሣ አገራችን ገና በዘመነ መሳፍንት ነበረች። ይሄን ስናገር እትዬ፣ «እና አሁን ኮከቡ ይኑር አይኑር በምን ታውቃላችሁ?» አሉ። በፊዚክስ የተመረቁት ሁሉ ዝም አሉ። እንዲህ ያለው ኮከብ በ200 ዓመት ውስጥ የትም አይሄድም ብዬ መለስኩ፤ ግን ጥያቄያቸው ከመልሴ ይሻላል።

ታኅሣሥ 22

አጭር ስብሰባ። አንድ ወጣት ጥሩ ሐሳብ አመጣ፦ የከተራ ሌሊት ጃንሜዳ ሰው ሁሉ ነቅቶ ያድራል፣ ጨረቃም የለችም፣ ቴሌስኮፑን ለምን አንወስድም? ሐሳቡ አማልሎኝ ነበር። ግን ሰው እዚያ የሚያድረው ለታቦቱ ነው። ከበሮና ጸናጽል ባለበት «ኑ ወደዚህ እዩ» ብሎ መጣራት ነውር ነው። አይሆንም አልን። ሰው ሥራ ፈቶ የሚቆምበት ሌላ ቦታ ከተማው ሞልቷል።

ጥር 3

ትናንት ጁፒተር ልክ ከፀሐይ ትይዩ ነበረች፤ ፀሐይ ስትገባ ትወጣለች፣ ከዓመቱም የበለጠ ደምቃ ትታያለች። ግቢያችን ውስጥ ለጎረቤት ብቻ አሳየን። ልጆቹ ምሽት ላይ የጨረቃዎቿን ቦታ ደብተር ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጡ፤ ከእራት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ነጥቡ ቦታ ቀይሯል። ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. በጥር ያደረገው ይሄንኑ ነው።

ጥር 17

ትናንት ማታ መንገድ ወጣን። ታክሲ የሚጠበቅበት ቦታ። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶታል፤ ለዶብሶኒያናችን ተመቸ። መብራቱ ግን ቀን ነው የሚመስለው። ጋላክሲ እዚያ አይታሰብም። ጨረቃና ጁፒተር ደግሞ መብራት አይፈሩም፤ ስለዚህ ሁለቱን ብቻ ይዘን ቀረብን።

መጀመሪያ ማንም አልጠጋም። «ስንት ነው?» ይሉና ነጻ ነው ስንላቸው ይበልጥ ይጠራጠራሉ። አንዱ፣ «የምን ሃይማኖት ናችሁ?» አለኝ። ሌላው ስልክ ልናስመዘግብ የመጣን መሰለው። ዝምታውን የሰበረው አንድ ሊስትሮ ነው። አየ፣ ቀና አለ፣ እንደገና አየ። ከዚያ ሳንቀጥረው እንደ ረዳት ይጣራ ጀመር፦ «ጨረቃ! ጨረቃ! በቀጥታ ጨረቃ! ሁለት ሰው የቀረው!»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ታክሲ ሲመጣ ሰው ይበተናል፣ ታክሲው ሲሄድ ይመለሳል። አንዳንዱ ተራው ደርሶ ታክሲውን አሳልፎ ሰጠ፤ በዚህ ሰዓት ታክሲ ማሳለፍ ምን ማለት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል። የቆሎ ሻጯ ዘንቢሏን ለሊስትሮው አስይዛ አየች። «ይሄ ሁሉ ሰው ሲመኛት የኖረው ድንጋይ ነው እንዴ?» አለች፤ ሳቅ ሆነ።

አንድ ፖሊስ መጣ። ቱቦው ከሩቅ ሲታይ ደስ አይልም፤ ጥያቄው ተገቢ ነበር።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቴሌስኮፕ ነው ወንድሜ። ፈቃድ ይዘናል። ማየት ትችላለህ።»

ደብዳቤውን አነበበ። ቆቡን አውልቆ ጎንበስ አለ። ከዚያ ወረፋ አስያዥ ሆኖ አረፈው፤ «አንድ በአንድ፣ አትጋፉ» እያለ። እኛ ብለን ያልተሳካልንን ሰልፍ ቀጥ አደረገው።

በአዳራሽ ገለጻዎቻችን ዓመቱን ሙሉ ያላየነውን ሰው በዚያች ምሽት አየን። ከእንግዲህ አዳራሽ ሲሰጡን እናመሰግናለን እንጂ አንለምንም።

የካቲት 7

የጥገና ቀን። የሳጥኑ ጠርዝ ከሱሉልታው ጤዛ እርጥበት ስቦ ማበጥ ጀምሯል፤ አናጺው በቫርኒሽ ደገሙት። መክተፊያው ደህና ነው።

ቀጣዩ ሥራ ትልቅ ነው። ሐምሌ 26፣ 2019፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2፣ 2027፣ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ጥላው ሞሮኮን አልፎ፣ ግብፅ ሉክሶር ላይ ከስድስት ደቂቃ በላይ አጨልሞ፣ በጂዳና በመካ በኩል ወደ የመንና ሶማሊያ ይሻገራል። ለኛ ከፊል ነው፤ ወደ ሰሜን በሄድክ ቁጥር ይበዛል። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ደመናውን ከወዲሁ አውቀን ነው የምንገባው። በሰኔ 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን ባየንበት ግርዶሽ ሰው በኤክስሬይ ፊልም ሲመለከት ነበር። ኤክስሬይ ዓይን አያድንም። ስለዚህ ዘንድሮ የምንገዛው ሌንስ ሳይሆን ትክክለኛ የፀሐይ ፊልም ነው፤ ቴሌስኮፑ አፍ ላይ የሚገጠምና መነጽር የሚሠራበት። ትምህርት ቤቶችንም ከግርዶሹ ቀን በፊት፣ በተራ ቀን፣ የፀሐይን ነጠብጣብ በማሳየት እናለማምዳለን።

ጂዳ ያሉ የአባላቶቻችን ዘመዶች ሙሉውን ጨለማ ስለሚያዩ ከወዲሁ ደውለንላቸዋል። አንደኛዋ፣ «የዚያን ቀን ሥራ ካስገቡኝስ?» አለች። ሰዓቱን አስልተን እንልክልሻለን አልናት። የፊልሙን ዋጋ እያጠያየቅን ነው።